ዌይሂል የሰካራሞች ገበያ አልነበረም

ስለ ዌይሂል ገበያ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ሰሞኑን አንድ ወዳጄ የላከልኝን ጽሑፍ ማንበብ የጀመርኩት በደስታ ነበር። ስጨርሰው ግን ደስታዬ ወደ ቁጭት ተለወጠ። የምኖረው ከዌይሂል አምስት ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአንዶቨር ከተማ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄዱ መንከባከብ በመሆኑ፣ ጸሐፊው «መሞቱ ደግ ሆነ» ያሉትን ገበያ በልጅነታቸው ያዩ ሰዎችን አጥቤአለሁ፣ አብልቻለሁ፣ ሲያወጉም ቁጭ ብዬ አዳምጫለሁ። ዝም ብዬ ባልፍ የተባለባቸውን ሁሉ እንደ ተቀበልኩ ይቆጠርብኛል።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልግለጽ። ዌይሂል በደቡብ እንግሊዝ፣ በሃምፕሸር አውራጃ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በመጸው መግቢያ ላይ፣ ኖራማ አፈር ባለው ኮረብታዋ፣ በመላ አገሪቱ የታወቀ ዓመታዊ ገበያ ይቆምባት ነበር። በግ፣ ፈረስ፣ አይብ እና ሆፕ ይሸጥባት ነበር። ሆፕ ማለት ጌሾ ለጠላ የሚሠራውን ለቢራ የሚሠራ ተክል ነው። የገበያው ዋና ቀን ኦክቶበር 10 ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 30 ላይ ይውላል። ለመጨረሻ ጊዜ የቆመው በ1957 ነው፤ እዚህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው የሚሉት እንዲህ ነው። ዌይሂል ባሎች ሚስቶቻቸውን የሚሸጡባት የሰካራሞች መናኸሪያ ነበረች። በየዓመቱ ግማሽ ሚሊዮን በግ ለእርድ ይሸጥባት ነበር። ከዓለም የተቆራረጡ መሃይማን የሚውሉባት፣ በቀንድ የሚፈጸም የአጋንንት ሥርዓት የሚደረግባት ነበረች። ድሆች እንደ ባሪያ ተሰልፈው ይሸጡባት ነበር። በመጨረሻ ባቡር መጣና ገበያውን ገደለው፤ አንድም ምልክት ሳይተው ጠፋ። የአካባቢው ሽማግሌዎች ዛሬ ስለ እርሱ የሚናገሩት ደግሞ «የእርጅና ናፍቆት» እንጂ ታሪክ አይደለም።

ከሚስት ሽያጩ ልጀምር። ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት ማስረጃ ቶማስ ሃርዲ በ1886 ያሳተመው «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» የተሰኘው ልብ ወለድ ብቻ ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ሄንቻርድ የተባለ የቀን ሠራተኛ፣ ረም የተባለ ኃይለኛ መጠጥ የተቀላቀለበት የስንዴ ገንፎ በሚሸጥበት ድንኳን ውስጥ ሰክሮ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ጊኒ በተባለው በድሮው የእንግሊዝ ገንዘብ በአምስት ጊኒ ለአንድ መርከበኛ ይሸጣል። ሃርዲ ቦታውን ዌይደን ፕራዮርስ ይለዋል፤ ዌይሂልን በልቡ ይዞ እንደ ጻፈው የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ልብ ወለድ የፍርድ ቤት መዝገብ አይደለም። ሄንቻርድ በማግስቱ ጠዋት ተጸጽቶ መጠጥ እንደማይቀምስ ሲምል ቀኑ ሴፕቴምበር 16 ነው። እውነተኛው የዌይሂል ገበያ ሊቆም ገና ከሦስት ሳምንት በላይ ይቀረዋል ማለት ነው። ደራሲው ለታሪኩ እንደሚስማማው ቀኑን አንሥቶ፣ ስሙን ቀይሮ ጽፏል። ይህ መብቱ ነው። የእኛ ጸሐፊ ግን ይህን እንደ ወረደ ወስደው የስድስት መቶ ዓመት ገበያ ዋና ሥራ አደረጉት።

ሚስት መሸጥ በእንግሊዝ አገር ጨርሶ አልነበረም እያልኩ አይደለም። በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በልዩ ልዩ ከተሞች ተፈጽሟል፤ አሳፋሪም ነበር። እስከ 1857 ድረስ ተፋቶ ሌላ ማግባት የፈለገ ሰው በስሙ ልዩ ሕግ በፓርላማ ማስወጣት ነበረበት። ያንን ደግሞ ሀብታም እንጂ ድሃ አይችለውም። ድሃው የራሱን አስቀያሚ መንገድ ፈጠረ። ነውሩ የመላ አገሪቱና የሕጓ ሆኖ ሳለ በአንድ ኮረብታ ላይ መለጠፍ ፍትሕ አይደለም።

የዌይሂልን ነውር ከመጽሐፍ መፈለግ ካስፈለገ ደግሞ ከሃርዲ አምስት መቶ ዓመት የቀደመ ምስክር አለ። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት ገጣሚው ዊልያም ላንግላንድ በ«ፒርስ ፕላውማን» ውስጥ ስግብግብነትን እንደ ሰው አቁሞ ኃጢአቱን ሲያናዝዘው፣ ወደ ዊ እና ወደ ዊንቸስተር ገበያ እየወረደ በሐሰተኛ ሚዛን ያታልል እንደ ነበር ያናግረዋል። ዊ የተባለችው ዌይሂል ናት። የዌይሂል ጥንታዊ ሐሜት የሚዛን ሐሜት ነው፤ ነጋዴ በተሰበሰበበት ሁሉ የሚነሣ ሐሜት።

ስለ ግማሽ ሚሊዮን በግ ብዙ አልልም። ቁጥሩ የመጣው ዳንኤል ዴፎ በ1720ዎቹ ካሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊው አንብበውት ቢሆን ኖሮ ዴፎ ቁጥሩን ከአንድ በግ ነጋዴ እንደ ሰማና ወዲያውም የተጋነነ እንደሚመስለው እንደ ጻፈ ባዩ ነበር። «ለእርድ» ያሉትማ ከነጭራሹ የተገላቢጦሽ ነው። ዴፎ በግልጽ የጻፈው በዌይሂል የሚሸጡት በአብዛኛው ለእርባታ የሚሆኑ እናት በጎች መሆናቸውን፣ ገዢዎቹም ከበርክሸር፣ ከኦክስፎርድ፣ ከሰሪ፣ ከሳሴክስና እስከ ኬንት ካሉ አውራጃዎች የሚመጡ ገበሬዎች መሆናቸውን ነው። ከዌይሂል የወጣች በግ በሚቀጥለው ጸደይ በሌላ አውራጃ ግልገል ትወልዳለች። ልዩነቱ ለከተማ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለአርቢ ግን ዘር የሚገዛበት ገበያና ሥጋ የሚገዛበት ገበያ ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

«ከዓለም የተቆራረጡ መሃይማን» የሚለው ስድብ ከሁሉም በላይ አናዶኛል። ዊልያም ኮቤት፣ ኋላ ስመ ጥር ጋዜጠኛና የፓርላማ አባል የሆነው ሰው፣ በ1763 ፋርንሃም በተባለች ከተማ የገበሬ ልጅ ሆኖ ተወለደ። የፋርንሃም ገበሬዎች ሆፓቸውን የሚሸጡት ዌይሂል ነበር፤ አባትየውም ልጆቹን በየተራ ወደዚያ ይወስዳቸው ነበር። የዊልያም ተራ የደረሰው የእንግሊዝ ጦር ከአሜሪካውያን ላይ ሎንግ አይላንድን በያዘበት በ1776 ነው። የሆፕ ነጋዴዎችና ገበሬዎች ለእራት ሊቀመጡ ሲሉ ፖስታ ደረሰና የድሉ ዜና ተነበበ። ክርክር ተነሣ። ለአሜሪካውያን ያደላ የነበረው አባቱ ከመሰሎቹ ጋር ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። እዚያም ለጆርጅ ዋሽንግተን ጤንነት ደጋግመው ጠጡ። ኮቤት የዋሽንግተንን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው ያን ዕለት እንደ ነበር ራሱ ጽፎታል። እስቲ አስቡት። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነጻነቷን ካወጀች ገና ጥቂት ወራት የሆናትን አገር የጦር መሪ ስም የሚሰማው በበግና በሆፕ ገበያ ነው። ገበሬዎቹ በገዛ ንጉሣቸው ጦርነት ላይ ለሁለት ተከፍለው የሚከራከሩት ኪሳቸው ውስጥ የዓመት ገቢያቸውን ይዘው ነው። ይህን ሕዝብ ከዓለም የተቆራረጠ ማለት ይቻላል?

የቀንዱ ነገር አጭር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዌይሂል የመጣ ሰው «ውርንጭላ» ይባል ነበር። ማታ በመጠጥ ቤት አስቀምጠው ቀንድ ያለው ቆብ ይደፉለታል፤ በሁለቱ ቀንዶች መካከል ቢራ የያዘ ዋንጫ አለ። ስለ ጥንቸል ፍጥነት፣ ስለ ቀበሮ ብልጠት፣ ጥጃም አድጎ በሬ ስለ መሆኑ ይዘፈንለታል። እርሱም ለተሰብሳቢው መጠጥ ይገዛል። ከዚያ በኋላ የገበያው ሰው ነው። እዚህ ውስጥ ጋኔን የሚባል ነገር የለም። ገበያው በቅዱስ ሚካኤል በዓል ሰሞን የሚቆም፣ የመንደሪቱ ቤተ ክርስቲያንም በቅዱስ ሚካኤልና በመላእክት ሁሉ ስም የተሰየመች መሆኗን ጸሐፊው ለምን እንዳላነሡት አልገባኝም።

አሁን ወደ ቅጥሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከእውነት ጫፍ ነክተዋልና በጥንቃቄ መናገር እፈልጋለሁ።

በደቡብ እንግሊዝ የግብርናው ዓመት የሚያበቃው በሚካኤል ነበር። የመሬት ኪራይ የሚከፈለው፣ የእረኛና የባለጋሪ ውል የሚያልቀውም ያኔ ነው። በ1752 ፓርላማው አቆጣጠሩን ሲያርም ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ፤ አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። አዲሱ ሚካኤል ሴፕቴምበር 29 ላይ ሲውል ገበያውና የገበሬው ሒሳብ ግን አሮጌውን ሚካኤል ይዘው ቀሩ። ዌይሂል በኦክቶበር 10 የምትቆመው ለዚህ ነው። በሁለት አቆጣጠር መኖር ምን እንደሆነ ለምናውቅ ሰዎች ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

ታዲያ ውሉ ያለቀ ሰው ወደ ገበያው ይወጣል። እረኛ ከሆነ ባርኔጣው ላይ የበግ ጠጉር ይሰካል፤ ባለጋሪ ከሆነ የጅራፍ ገመድ። ጌታው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራሉ። ከተስማሙ ቀብድ በእጁ ያስጨብጠዋል። ቀብዱን ከተቀበለ ለዓመት ታስሯል።

ይህ ባርነት ነው? አይደለም። ባሪያ ዋጋውን አይከራከርም፤ ክፉ ጌታ ሲመጣም ፊቱን አዙሮ ሌላ አይጠብቅም። እረኞቹ ግን ተመልምለው ብቻ አልገቡም፣ መልማዮችም ነበሩ። የትኛው ጌታ በግልገል መውለጃ ጊዜ ማገዶ እንደሚከለክል፣ የትኛው ቤት ጣሪያው እንደሚያፈስ ገበያው ላይ ይነጋገራሉ። ክፉ ጌታ ዌይሂል ላይ ሰው ያጣል። ቢሆንም ነገሩ ጣፋጭ ነበር ብዬ አልዋሽም። እስከ 1875 ድረስ ውሉን ያፈረሰ ሠራተኛ ወህኒ ሊወርድ ይችል ነበር፤ ውሉን ያፈረሰ ጌታ ግን በፍትሐ ብሔር ከመከሰስ አያልፍም። ሰው ጠጉር ሰክቶ ቆሞ ትከሻውና እጁ ሲታይ የሚሰማውን ደግሞ የቆመበት ያውቀዋል።

እኔ ስንከባከባቸው የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዘጠና አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። አባታቸው የበግ እረኛ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው እንዲያ ቆመው ተቀጥረዋል። ልጅየው ከአባታቸው የሰሙትን ሲነግሩኝ «አባቴ ስለዚያ ቀን ሲናገር ሁልጊዜ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከት ነበር» አሉኝ። እናታቸው ደግሞ ሴፕቴምበር ከገባ በኋላ መጋረጃ አጥበው መልሰው አይሰቅሉም ነበር። ከሚካኤል በኋላ በዚያው ቤት መኖር አለመኖራቸው አይታወቅማ። መስኮቱ ባዶውን ይከርማል። እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን፣ የራሳቸው ቤት ኖሯቸውም ጭምር፣ መጸው በገባ ቁጥር ባዶ መስኮት ሲያዩ ሆዳቸውን ይበላቸው ነበር።

ጸሐፊው «የእርጅና ናፍቆት» የሚሉት ይህንን ነው። ናፍቆት እንዲህ አይደለም። ናፍቆት ገበያውን በጸሐይ ያስታውሳል፤ እኚህ ሰው ግን ያስታወሱት ዝናቡን፣ ኖራው ጭቃ ሆኖ ጫማ ላይ እንደ ሊጥ መለጠፉን፣ የእናታቸውን ዝምታ ነው። መርሳታቸውንም አልክድም። ገበያው ያበቃው ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ነው ይሉኝ ነበር፤ ዘውድ የተጫነው በ1953 ነው፣ ገበያው ያበቃው በ1957። በአራት ዓመት ተሳስተዋል። ጸሐፊው በዴፎ መጽሐፍ ላይ ከተሳሳቱት ስሕተት ይህ አይብስም።

ባቡርን በሚመለከት የቀረበው ክርክር ውሃ አያነሣም። ዌይሂል በ1882 የራሷን የባቡር ጣቢያ አገኘች፤ በግም በባቡር ይመጣ ጀመር። ከዚያ በኋላ ገበያው ሰባ አምስት ዓመት ቆሟል። ገዳይ እንዲህ አይታገሥም። ችግሩ የጀመረውም ባቡር ከመምጣቱ ከስልሳ ዓመት በፊት ነው። ኮቤት በ1822 ወደ ልጅነቱ ገበያ ሲመለስ የበግ ሻጮች ቀድሞ 300000 ፓውንድ ያህል ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሱ እንደ ነበር አስታውሶ፣ ዛሬ ግን ምናልባት 70000 እንኳ አይሞላም ሲል ጽፏል። ከናፖሊዮን ጦርነት በኋላ የእህልና የከብት ዋጋ ወድቆ ነበር፤ ገበሬው በውድ ዘመን የገባውን ኪራይና ግብር በርካሽ ዘመን ይከፍላል።

ከዚያ የመጣው የባሰ ነው። በዚያ ኖራማ ምድር በግ የሚረባው ለሥጋውና ለጠጉሩ ብቻ አልነበረም። ቀን በኮረብታው ላይ ሣር ሲግጥ ይውላል፤ ማታ ከጭራሮ በተጎነጎነ ተንቀሳቃሽ አጥር እርሻው ላይ ይታጎራል፣ በጠጡን እዚያ ያራግፋል። በማግስቱ አጥሩ ይነሣና ጥቂት ፈቅ ይላል። ሳሳ ያለው አፈር ስንዴ የሚያበቅለው በዚህ ነበር። ከውጭ የሚገዛ ማዳበሪያ ሲመጣ፣ ከ1870ዎቹ ጀምሮም የአሜሪካ ስንዴ ሲጎርፍ በጉም እርሻውም ትርጉማቸው ቀነሰ። የዌይሂል ጣቢያ በተከፈተበት በዚያው በ1882፣ በሜይ ወር፣ ደነዲን የተባለች መርከብ ከኒው ዚላንድ የ5000 ያህል በግና ጠቦት በቅዝቃዜ የተጠበቀ ሥጋ ይዛ ለንደን ገባች። ባቡሩን ያዩት ሁሉ አዩት፤ መርከቧን ግን ከዌይሂል ኮረብታ ላይ ሆኖ ማየት አይቻልም ነበር። ከ1897 ጀምሮ ደግሞ የጦር ሚኒስቴር በአቅራቢያው ያለውን የሶልስበሪ ሜዳ ለልምምድ እየገዛ የበግ ግጦሹን ወሰደ። የጭነት መኪናና በየሳምንቱ የሚቆመው የከተማ ጨረታ የቀረውን አቃለሉት። ጸሐፊው ሁሉንም በባቡር ላይ የጫኑት ባቡር ስለሚታይና ስለሚጮህ ይመስለኛል።

«አንድም ምልክት አልቀረም» ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። ነጋዴዎቹ ይሸጡባቸው የነበሩት በረድፍ የተሠሩ ክፍሎች ዛሬም በገበያው ቦታ ላይ ቆመዋል፤ የእጅ ባለሙያዎች ይሠሩባቸዋል። ጸሐፊው ከአንዶቨር ተነሥተው ቢሄዱ ከሻይ በፊት ይመለሳሉ። እኔም አብሬያቸው ብሄድ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ግን እዚያ አያገኙትም። ያነሣኋቸው አዛውንት በራቸው አጠገብ ባለ ምስማር ላይ ቃጭል ሰቅለው ነበር። ከታጠፈ የብረት ቆርቆሮ የተሠራ፣ ጡጫ የሚያህል፣ በጎበጠ የእንጨት ቀንበር ላይ በቆዳ ጠፍር የታሰረ ነው። ጠፍሩን የሚይዙት ሁለት የአጥንት ካስማዎች በብዙ እጅ ተሽተው ለስልሰዋል። አንድ ቀን አቧራውን ስጠርግ ድምፁ ወጣ፤ የሚበሉትን ማንኪያ አስቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ። በጎቹ የጌታው ሲሆኑ ቃጭሎቹ የእረኛው ናቸው። እረኛው በገንዘቡ ገዝቶ፣ ድምፃቸውን አስማምቶ፣ ከጌታ ወደ ጌታ ሲዛወር ይዟቸው ይሄዳል። ገበያ ላይ በጎቹ ሲሸጡ አባትየው ጉረኖው ውስጥ ገብተው የእያንዳንዷን በግ አንገት በግራ ክንዳቸው አቅፈው ካስማውን በአውራ ጣታቸው ይነቅሉና ቃጭሉን ይፈታሉ። ከዚያ መንጋው ያለ ድምፅ ይነዳል።

ይህ በየትኛውም የገበያ ሒሳብ ላይ አይገኝም፤ ሒሳብ የተሸጠውን ይመዘግባል እንጂ ያልተሸጠውን አይመዘግብም። አዛውንቱ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ሥራቸው ቃጭሎቹን በጆንያ ተሸክሞ ወደ ቤት መመለስ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው፣ መሽቷል፣ አባት አይናገሩም። ልጁ በተራመደ ቁጥር የመንጋው ድምፅ በሙሉ ከጀርባው ይሰማል፤ ዞር ሲል ግን መንገዱ ላይ አንድም በግ የለም።